ዲናሩን አድነው አገሩን ያጡት መሐንዲስ

«የተማረ ይግደለኝ» ይላል ያገራችን ሰው። ኑሮ በተወደደ፣ መንግሥት በተናጋ ቁጥር በየቡና ቤቱ የሚሰማው ሮሮም የዚሁ ብሂል ዘመድ ነው። ለምን ሥራውን ለሚያውቅ አይሰጡትም? ገንዘቡን ኢኮኖሚስቱ፣ ፋብሪካውን ኢንጂነሩ ቢይዘው፣ ካድሬው ደግሞ ስብሰባውን ይዞ ቢቀመጥ ምን ነበረበት? ጥያቄው ጥያቄ ነው። ነገር ግን ይህንን ምኞት እስከ ጥግ ድረስ የሞከረች አንዲት ሶሻሊስት አገር ነበረች፤ ዛሬ በካርታ ላይ ብትፈለግ አትገኝም። ዩጎዝላቪያ ትባል ነበር። ልትፈርስ ስትል በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመሯት ሰው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበሩ፤ አንቴ ማርኮቪች።

ዩጎዝላቪያ ለኛ የሩቅ ሰው አይደለችም። ስድስት ኪሎ የቆመው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት የሁለት ዩጎዝላቭ ቀራፂዎች፣ የአውጉስቲንቺችና የክርሺኒች የእጅ ሥራ ነው። የአሰብን ወደብ ሊሠሩ የመጡትም መሐንዲሶች ከዚያው ነበሩ። የጃንሆይና የማርሻል ቲቶ ወዳጅነት የታወቀ ነው። በኋላ ግን፣ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ፣ የዚያች አገር ስም እኛ ዘንድ ማስፈራሪያ ሆነ። «እንደ ዩጎዝላቪያ እንዳንሆን!» ያላለ ተቃዋሚ፣ ያላለ ካድሬ የለም። ታዲያ ይህን የሚሉት ሁሉ የሚያነሱት ሚሎሶቪችንና ቱጅማንን ነው፤ ቢበዛ ካራዲችን። መድኃኒቱን ይዘው ቆመው ስለነበሩት ሰውዬ የሚያወራ አላጋጠመኝም። እስቲ ዛሬ እኛ እናውራ።

ማርኮቪች የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1924 ኮኒትስ በምትባል የቦስኒያና ሄርዞጎቪና ከተማ፣ ከክሮአት ቤተሰብ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ ሁሉም የፈረንጅ ናቸው።) ገና በጉርምስናቸው ከቲቶ ፓርቲዛኖች ጋር ጫካ ገቡ። ከድል በኋላ ግን እንደ ብዙዎቹ ታጋዮች ወንበር ፍለጋ አልሮጡም፤ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1954 ከዛግሬብ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመረቁ። ከ1961 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል የመሩት ፋብሪካ ራዴ ኮንቻር ይባላል። ስሙን የወሰደው በ1942 ጣሊያኖች ከረሸኑት የኮሚኒስት ታጋይ ነው። ጄኔሬተር፣ ትራንስፎርመር፣ የባቡር ሞተር፣ የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ያመርታል። የዛግሬብ ኩራት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የዩጎዝላቪያ ሶሻሊዝም እንደ ሞስኮው፣ ወይም እኛ እንደምናውቀው እንደ ደርጉ ዓይነት፣ ሚኒስቴሩ በትእዛዝ የሚነዳው አልነበረም። ፋብሪካው «የኅብረተሰቡ» ነው ይባላል፤ የሠራተኞች ምክር ቤት አለው፤ ምክር ቤቱ በሥራ አስኪያጁ ሹመት ላይ ድምፅ አለው። ዕቃህን ገበያ አውጥተህ ትሸጣለህ፤ ካልሸጥክ ትከስራለህ። እርግጥ ስትከስር የፓርቲው ሰው ባንኩ ጋ ስልክ ይደውልና ብድር ይሰጥሃል። እንግዲህ አንድ ሥራ አስኪያጅ በዚህ ሥርዓት ሃያ ዓመት ለመቆየት ለሠራተኛው፣ ለፓርቲ ኮሚቴው፣ ለባንኩና ለጀርመን ደንበኛው በአንድ ጊዜ መልስ መስጠት መቻል አለበት። ማርኮቪች ችለውበታል። ፖለቲካቸውን የተማሩት እዚያ ነው። ጉድለታቸውንም ያገኘሁት እዚያው ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ1982 የክሮኤሽያ ሪፐብሊክ መንግሥት መሪ፣ በ1986 ደግሞ የሪፐብሊኳ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ጊዜው መጥፎ ነበር። ቲቶ በግንቦት 1980 ሞተዋል። ትተውት የሄዱት ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የውጭ ዕዳና ስምንት ሰዎች በየዓመቱ እየተፈራረቁ የሚቀመጡበት አንድ ወንበር ነው። ስድስቱ ሪፐብሊኮችና ሁለቱ ራስ ገዝ ክልሎች አንዳንድ ሰው ይልካሉ፤ ዘንድሮ ያንተ፣ ለከርሞ የኔ። ቤንዚን በራሽን ሆነ። ቡና ጠፋ! ያለ ቡና መዋል የማይችል ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ጣሊያን ትሪየስት ድረስ እየሄደ በሻንጣ ይዞ ይመለስ ነበር። ዲናሩ በየወሩ ዋጋ ያጣል፤ ማተሚያ ቤቱ ዜሮ ይጨምራል። በ1989 የሁለት ሚሊዮን ዲናር ኖት ወጣ። ሁለት ሚሊዮን ማለት ያኔ ሀብት መስሎህ እንዳትሳሳት፣ አንባቢ ሆይ።

ከእርሳቸው በፊት የነበረው የፌዴራሉ መንግሥት መሪ ብራንኮ ሚኩሊች በታኅሣሥ 1988 መጨረሻ ሥራውን ለቀቀ። በሶሻሊስት ዩጎዝላቪያ ታሪክ ጠቅላይ ሚኒስትር አልቻልኩም ብሎ ሲለቅ የመጀመሪያው ነበር። ማርኮቪች በመጋቢት 1989 ተተኩ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሚሎሶቪች ኮሶቮ ሜዳ ላይ እልፍ አእላፍ ሰርቦች ፊት ቆሞ ስለ ስድስት መቶ ዓመት ጦርነትና ስለሚመጣውም ጦርነት ተናገረ። (ማርኮቪችን አንቱ ብዬ ሚሎሶቪችን አንተ ማለቴ ለምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ብዕሬ አልታዘዘኝም ነው መልሴ።) ማርኮቪች ደግሞ በታኅሣሥ 18 ቀን ፓርላማው ፊት ቆመው ስለ ቁጥር ተናገሩ። የዚያን ወር ብቻ ዋጋ ወደ 60 በመቶ ጨምሯል፤ የዓመቱ ግሽበት ከ2,000 በመቶ አልፏል። መሐንዲሱ ያቀረቡት መላ አጭር ነበር። ከጥር 1 ቀን 1990 ጀምሮ አሥር ሺህ አሮጌ ዲናር አንድ አዲስ ዲናር ይሆናል። ሰባት አዲስ ዲናር አንድ የጀርመን ማርክ ነው፤ አለቀ። ማንም ዜጋ ዲናሩን ይዞ ባንክ ሄዶ ማርክ መግዛት ይችላል። ደመወዝ ለስድስት ወር ባለበት ይቆማል። መንግሥት ገንዘብ አትሞ የከሰረ ፋብሪካ አይደጉምም።

አይሆንም ያለው ብዙ ነበር። ግን ሆነ። በጸደዩ ግሽበቱ ወደ ዜሮ ወረደ። ሰው ባንክ በር ላይ ተሰልፎ ማርክ መግዛቱን ቀስ በቀስ ተወው፤ መግዛት እንደሚችል ካወቀ ለምን ይሰለፋል? እንዲያውም ፍራሽ ሥር የደበቀውን ማርክ እያወጣ ወደ ዲናር መመንዘር ጀመረ። የውጭ ምንዛሪው ክምችት ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ። ያ በጋ ዩጎዝላቮች መኪና የገዙበት፣ ውጭ አገር የተዝናኑበት፣ አገር አለን ብለው ያመኑበት የመጨረሻ በጋ ነው። በየሪፐብሊኩ የሕዝብ አስተያየት ሲሰበሰብ ማርኮቪች ከተወደዱት ፖለቲከኞች ግንባር ቀደሙ ነበሩ። ሰርቡም፣ ክሮአቱም፣ ሙስሊሙም ይወዳቸዋል።

ታዲያ ለምን አልመረጣቸውም? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ነው።

በጥር 1990 አገሪቱን የሚመራው የኮሚኒስቶች ሊግ በራሱ ጉባኤ ላይ ተሰነጠቀ። ስሎቬኖቹ ጥለው ወጡ፤ ክሮአቶቹ ተከተሉ። ማርኮቪች ፓርቲው ቢፈርስም መንግሥቱ ሥራውን ይቀጥላል አሉ። የመሐንዲስ አነጋገር ነው፤ አንዱ ማሽን ቢቆም ሌላው ይሠራል ማለት ነው። ሆኖም የዚያን አገር ስምንት ክፍሎች ያያያዘው ብሎን ያ የተጠላው ፓርቲና ጦሩ ብቻ ነበር። ብሎኑ ሲወጣ አገሪቱን በሙሉ የሚያስተባብር ምርጫ ባስቸኳይ ያስፈልግ ነበር። አልተደረገም፤ የፌዴራል የመድበለ ፓርቲ ምርጫ ዩጎዝላቪያ ውስጥ እስክትፈርስ ድረስ አንድም ጊዜ አልተካሄደም። ሪፐብሊኮቹ ግን በየራሳቸው መረጡ። ስሎቬኒያ በሚያዝያ፣ ክሮኤሽያ በሚያዝያና በግንቦት። ስለዚህ በሕዝብ ድምፅ የተቀመጠው የሪፐብሊኩ መሪ ሆነ፤ የፌዴራሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ማንም ያልመረጣቸው የድሮ ሥርዓት ተሿሚ ሆነው ቀሩ። ቱጅማን «አንተን ማን መረጠህ?» ቢላቸው መልስ አልነበራቸውም።

ማርኮቪች ፓርቲ ያቋቋሙት በሐምሌ 29 ቀን 1990 ነው። የተሐድሶ ኃይሎች ኅብረት አሉት። ቦታው ቦስኒያ ውስጥ ኮዛራ ተራራ ላይ፣ ፓርቲዛኖች ያለቁበት ሐውልት ሥር ነበር። ሕዝቡ ጎርፎ መጣ። ነገር ግን ስሎቬኒያና ክሮኤሽያ ከመረጡ ወራት አልፏቸዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ቀኑ ብቻም አልነበረም። ጋዜጣው፣ ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ የየሪፐብሊኩ መንግሥት ነው። ማርኮቪች ሳራዬቮ ላይ ዩቴል የሚባል የመላ ዩጎዝላቪያ የቴሌቪዥን ዜና በጥቅምት አስጀመሩ። ዜናው አየር ላይ የሚወጣው ግን በየሪፐብሊኩ ጣቢያ ፈቃድ ነው፤ አንዱ አላስተላልፍም ይላል፣ ሌላው ሰው ከተኛ በኋላ ያሳየዋል። በኅዳር ቦስኒያ ስትመርጥ ሦስቱ የብሔር ፓርቲዎች፣ የሙስሊሙ፣ የሰርቡና የክሮአቱ፣ ከ240ው መቀመጫ 202ቱን ተከፋፈሉት። በታኅሣሥ የሚሎሶቪች ፓርቲ ሰርቢያ ውስጥ ከ250ው 194ቱን ወሰደ። የማርኮቪች ሰዎች በየቦታው ያገኙት ጥቂት ነው።

መራጩ ሞኝ ነበር? አይመስለኝም። ዲናሩን ወዷል፣ ሰውየውንም ወዷል። ድምፅ ሊሰጥ ሲገባ ግን የሚያስበው ስለ ጎረቤቱ ነው። ጎረቤቴ ለብሔሩ ፓርቲ ድምፅ ሰጥቶ እኔ ለዲናር ብሰጥ ነገ ማን ያድነኛል? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ማርኮቪች ፖሊስ የላቸውም፤ ፖሊሱ የሪፐብሊኮቹ ነው። ጦሩ በወረቀት በሥራቸው ነው፤ በተግባር ጄኔራሎቹ ማንን እንደሚሰሙ ሁሉም ያውቃል። ፍርሃት በነገሠበት አገር ጥሩ አስተዳዳሪ መሆን ብቻውን ጋሻ አይሆንም። እንደኔ ከሆነ ከዚያ የፋብሪካ ትምህርታቸው የጎደለው ይህ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ሠራተኛውም፣ ኮሚቴውም፣ ባንኩም መብራቱ እንዲመለስ ይፈልጋሉ። ጠቡ እንዴት ይጠገን በሚለው ላይ ነው። ማርኮቪች በ1990 የገጠሟቸው ሰዎች ጨለማውን የሚፈልጉት ነበሩ። ይህንን ለማመን ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

አሁን ወደ ሌባው እንምጣ። አንባቢ ሆይ፣ ሚሎሶቪችን የጫካ ሽፍታ አድርገህ እንዳትስለው። እሱም እንደ ማርኮቪች የሥራ አስኪያጅ ልጅ ነው! ሕግ ተምሮ፣ ቴክኖጋዝ የሚባል የጋዝ ድርጅት መርቶ፣ ከዚያም ከ1978 ጀምሮ የቤልግሬድን ትልቅ ባንክ አስተዳድሯል። ኒውዮርክ ተመላልሷል፣ እንግሊዝኛ ይናገራል። ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ ምዕራባውያን «የሚያግባባን ዘመናዊ ሰው» ብለው ደስ ብሏቸው ነበር። ስለዚህ የተማረ ወይስ ያልተማረ የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አይሠራም። ሁለቱም ተምረዋል፤ ሁለቱም ገንዘብ ያውቃሉ። አንደኛው ባንክ ማወቁን ለምን እንደተጠቀመበት ግን ስሙ።

ዩጎዝላቪያ አንድ ብሔራዊ ባንክ ብቻ አልነበራትም። ከፌዴራሉ ብሔራዊ ባንክ ሥር እያንዳንዱ ሪፐብሊክና ክልል የራሱ ብሔራዊ ባንክ ነበረው። በታኅሣሥ 28 ቀን 1990፣ ምርጫው ባለቀ በሳምንቱ፣ የሰርቢያ ምክር ቤት በምስጢር አንድ ውሳኔ አሳለፈ። የሰርቢያ ብሔራዊ ባንክ 18 ቢሊዮን ዲናር ገደማ ከምንም አውጥቶ ለሰርቢያ መንግሥት እንዲያበድር ተወሰነ። በጊዜው ምንዛሪ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። የፌዴራሉ ባንክ አልፈቀደም፤ ማርኮቪችም አልሰሙም። ጡረታ ተከፈለበት፣ ደመወዝ ተከፈለበት፣ የከሰሩ ፋብሪካዎች ተደጎሙበት። ወሬው አደባባይ የወጣው በጥር መጀመሪያ ነው። ማርኮቪች አንድ ዓመት ሙሉ ሠራተኛውን ቀበቶ አስጠብቀው፣ ስንቱን ፋብሪካ ለኪሣራ ዳርገው፣ እርግማን ጠጥተው ያጠራቀሙት እምነት በአንድ ሌሊት ስብሰባ ተበላ።

ሌሎቹም ንጹሐን አይደሉም። ስሎቬኒያ የጉምሩክና የሽያጭ ታክሱን ወደ ፌዴራሉ ካዝና ማስገባቱን አቆመች፤ ክሮኤሽያም መንገዱን ተከተለች። ሰርቢያ ከዚያ ቀደም ብላ ከ1989 መጨረሻ ጀምሮ የስሎቬኒያን ዕቃ አልገዛም ብላ ነበር። ዝርፊያው ግን ለሁሉም ጥሩ ሰበብ ሰጣቸው። «እንዲህ ካለ ቤት ጋር ምን የጋራ ካዝና አለን?» የማይባልበት ምክንያት አልነበረም። ሰባት ዲናር የነበረው ማርክ በጥር 1991 ዘጠኝ፣ በሚያዝያ አሥራ ሦስት ገባ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ዓለም ያውቀዋል፤ አላንዛዛውም። በሰኔ 25 ቀን 1991 ስሎቬኒያና ክሮኤሽያ ነጻነታቸውን አወጁ። የማርኮቪች መንግሥት የፌዴራሉን ድንበርና የጉምሩክ ኬላዎች ለመያዝ ወሰነ፤ ጦሩ ታንክ ይዞ ስሎቬኒያ ገባ። ጦርነት እንዲከፈት እኔ አላዘዝኩም ሲሉ ኖረዋል። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ሆኖም ውሳኔው የወጣው ከእርሳቸው ካቢኔ ነው። ጄኔራሎች በእጃቸው የሌሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ጄኔራሎች የሚጠቀሙበትን ወረቀት ማውጣት አልነበረባቸውም። በዚህ በኩል ወዳጆቻቸው ሊከላከሉላቸው ሲሞክሩ አይጥመኝም።

በመስከረም የመከላከያ ሚኒስትሩ ጄኔራል ካዲየቪች ከሥልጣን እንዲለቅ ጠየቁ። ማን ይሰማቸዋል! በጥቅምት 7 ቀን 1991 ዛግሬብ ውስጥ ከቱጅማንና ከሜሲች ጋር በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሳሉ የጦሩ አውሮፕላኖች ሕንፃውን በቦምብ ደበደቡት። ሦስቱም ተረፉ። እስቲ አስቡት፤ በሕጉ መሠረት ደመወዙን የሚከፍሉት ጦር ነው ቦምቡን የጣለባቸው። የ1992 የፌዴራል በጀት ሲቀርብ ደግሞ ከ80 በመቶ በላይ የሆነው ለዚሁ ጦር የተመደበ ነበር። ማርኮቪች አልፈርምም ብለው በታኅሣሥ 20 ቀን 1991 ሥራቸውን ለቀቁ።

እርሳቸው ከሄዱ በኋላ የዲናሩን ነገር አታንሱት። በ1993 ቤልግሬድ የአምስት መቶ ቢሊዮን ዲናር ኖት አተመች፤ በጥር 1994 የአንድ ወር ግሽበት በሚሊዮን በመቶዎች የሚቆጠር ነበር። ያን ጊዜ ሚሎሶቪች ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የዓለም ባንክ ጡረተኛ የሆኑ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ኢኮኖሚስት፣ አቭራሞቪችን፣ ፈልጎ አስመጣ! እርሳቸውም የማርኮቪችን መድኃኒት መልሰው አዘዙ፤ አንድ ዲናር አንድ ማርክ። ግሽበቱ ቆመ። ሁለት ዓመት ቆይቶ አቭራሞቪችም ተባረሩ። ሙያተኛን ሲቸግር መጥራት፣ ሲቀል ማባረር።

ማርኮቪች ኦስትሪያ ገብተው በንግድ ሥራ ተሰማሩ፤ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ትንፍሽ አላሉም። ይህ ዝምታ ይከነክነኛል። ቦስኒያ ስትቃጠል፣ ስለ ዕቅዱ ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። የተናገሩት በጥቅምት 2003 ሄግ ላይ፣ ሚሎሶቪች ተከሳሽ ሆኖ ፊት ለፊታቸው በተቀመጠበት ችሎት ነው። ሚሎሶቪችና ቱጅማን በመጋቢት 1991 ካራጆርጄቮ በሚባለው ቦታ ተገናኝተው ቦስኒያን ለመከፋፈል እንደተነጋገሩ፣ ይህንንም ሁለቱም ለየብቻ እንደነገሯቸው መሰከሩ። ጋዜጣ ላይ በየቀኑ የሚሰዳደቡት ሁለት መሪዎች ማለት ናቸው። በኅዳር 2011 በ87 ዓመታቸው ዛግሬብ ውስጥ አረፉ።

የተወለዱባት ኮኒትስ ዛሬ ቦስኒያና ሄርዞጎቪና ውስጥ ናት። ወደ መቶ ሺህ ሰው ያለቀበት ጦርነት በ1995 ዴይተን ላይ በስምምነት ሲያበቃ፣ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ስለ ማዕከላዊ ባንኩም ተጻፈ። ባንኩ ገንዘብ አትሞ ለማንም እንዳያበድር ተከለከለ። የመጀመሪያው ገዢ በዓለም የገንዘብ ድርጅት እንዲሾም፣ የቦስኒያም ሆነ የጎረቤት አገር ዜጋ እንዳይሆን ተደነገገ። በ1998 የወጣው ገንዘብ ስሙ «ተመንዛሪ ማርክ» ነው፤ ከጀርመን ማርክ ጋር አንድ ለአንድ ታሰረ፣ ዛሬ ከዩሮ ጋር እንደታሰረ ነው። ኮኒትስ ውስጥ ቡና የሚጠጣ ሰው ሒሳቡን የሚከፍለው በዚሁ ነው።